የኢዳሊና መተንፈሻ

የወንድሜ ሚስት ኢዳሊና ዕቃ ስታጥብ ካልሆነ በቀር አትዘፍንም ነበር። ስትዘፍንም ዋናውን ዜማ አይደለም። ዋናውን ለሌላ ሰው ትታ ከሥሩ የሚሄደውን ትይዛለች፤ የማያውቃት ሰው ቢሰማት ዘፈኑ የጠፋባት ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

"ምንድነው የምታንጎራጉሪው? ጣዕም የለውም እኮ" አልኳት አንድ ቀን፣ አጠገቧ ቆሜ ሰሃን እያደረቅሁ።

"ሦስተኛው ድምፅ ነው። ለብቻው ጣዕም የለውም። እሱ ከሌለ ግን የሌሎቹም ይበላሻል።"

"እንደ ጨው በይኛ።"

"ጨው እንኳ ሲጎድል ያስታውቃል" አለችና በእርጥብ እጇ አፍንጫዬን ነካችኝ።

ይህን ሦስተኛ ድምፅ ከየት እንዳመጣችው ሰፈራችን ያውቃል፤ እንዲያውም ሰልችቶታል። ወጣት ሳለች ፔሊካኖቹ በሚባል የአራት ድምፃውያን ቡድን ውስጥ ነበረች። ዜማውን የምትመራው ጓደኛዋ ፊሎሜና ነበረች፤ ወንዶቹ የሲልቬራ ወንድማማቾች ናቸው፣ የሁለቱንም ነፍስ ይማር። አራቱም የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ነበሩ። ያኔ አሜሪካ በሙሉ በብራዚል ምት አብዳ ነበር፤ ያ ለስላሳ፣ እንደ ሹክሹክታ የሚዘፈነው። ከሎስ አንጀለስ የመጣ አንድ የሸክላ አሳታሚ እዚሁ እኛ ከተማ ሳን ዲዬጎ ውስጥ ሰርግ ላይ ሰማቸው፤ እርስ በርሳቸው ፖርቱጋልኛ ሲያወሩም ሰማና "ብራዚላውያን ናችሁ እንዴ?" አላቸው። እኛ አባቶቻችን ከፖርቱጋል የአዞረስ ደሴቶች የመጡ የቱና ዓሣ አጥማጆች ነን፤ ብራዚልን የምናውቃት ጨረቃን የምናውቃትን ያህል ነው። ፊሎሜና ግን አፏ አያርፍም። "በእናታችን በኩል" አለችው። ሰውየው አራቱንም የአንድ እናት ልጆች አድርጎ ሄደ።

ልምምዳቸው የፊሎሜና አባት መረብ የሚያከማችበት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ሬንጅና አሮጌ ዓሣ ይሸታል። ዘፈኑ በጣም ቀስ ተብሎ ስለሚዘፈን አራቱም በአንድ ጊዜ አየር ከሳቡ መሃሉ ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል፤ ስለዚህ መተንፈሻቸውን እንደ ዳቦ ተከፋፈሉት። አንዱ ሲተነፍስ ሦስቱ ይሸፍኑታል። ፊሎሜና ዜማ መሪ ናትና የስንኙን መጨረሻ ወሰደች። ወንድማማቾቹ ትናንሾቹን ቃላት ወሰዱ። ለኢዳሊና የቀራት ማንም የማይፈልገው ቦታ ነበር፤ የቃል መሃል። "የእሑድ ጀልባ" የሚባለው ዘፈናቸው ላይ ማድሩጋዳ የሚል ረጅም ቃል አለ፣ ንጋት ማለት ነው። ሦስቱ ቃሉን ሳይቆርጡ ሲያወርዱት እሷ "ማድሩ" ብላ ትተነፍስና "ጋዳ" ትላለች። ዕቃ ስታጥብም፣ ብቻዋን ሆና የሚሸፍናት ሰው ሳይኖር፣ ሁልጊዜ እዚያችው ላይ ነበር የምትተነፍሰው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻታለሁና ተኝቼም አልስተውም።

በፀደይ ሎስ አንጀለስ ሄደው አልበሙን ቀዱ። የዚያን ዓመት የጰራቅሊጦስ በዓል ንግሥት፣ ዘውድ ደፍታ ሰልፉን የምትመራው ልጅ፣ ደግሞ ኢዳሊና ነበረች። በእኛ ሰፈር ለአንዲት ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም፤ ሰርግ ራሱ ሁለተኛ ነው። እናቷ ካባውን ሲጠልፉ ዐይናቸው ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሰማያዊ ከፋይ፣ በወርቅ ክር፣ ጫፉ መሬት ለመሬት የሚጎተት፤ ጫፉን የምትይዘው ፊሎሜና እንድትሆን ተወስኖ ነበር። በበዓሉ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ፊሎሜናን ትኩሳት ያዛት ተባለ። እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በቁመት ስለምደርስ ብቻ ነጭ ቀሚስ አልብሰው በሷ ቦታ ከካባው ኋላ አቆሙኝ። ወንድሜ ሴራፊም እኔን ሊያይ መጥቶ ንግሥቲቱን ሲያይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው።

አልበሙ በመስከረም ወጣ። በዚያው ወር የኢዳሊና አባት ባሕር ላይ ቀሩ። እናቷ ሬዲዮኑን ጥቁር ጨርቅ አለበሱት፤ በዚያ ቤት ሙዚቃ የሚባል ነገር ቆመ። ኢዳሊና የደረሳትን ሸክላ፣ የራሷ ፎቶ ያለበትን፣ ሳትሰማው አንሶላ ሥር ሸሸገችው። ሐዘኑ አንድ ዓመት ይበቃው ነበር፤ እናቷ ግን ጨመሩበት። ሐዘኑ ሲያበቃ አሳታሚው ድርጅት ከስሮ ተዘግቷል፣ ያልተሸጡት ሸክላዎች ተፈጭተዋል፣ የብራዚሉ ምትም ከፋሽን ወጥቷል። እሷም ሴራፊምን አገባች። እሱ ሆዬ በሚስቱ ኩራት አላስቀምጥ ብሎት፣ ጀልባቸው ላይ ያለው ወጥ ቤት ማጫወቻ አለው ብሎ፣ ሸክላውን ለባልደረቦቹ ሊያሰማ ይዞት ወጣ። "እኔ እንኳ ሳልሰማው?" ብትለው "ስመለስ አብረን እንሰማዋለን" አላት። ጀልባዋ ኮስታ ሪካ አቅራቢያ ሰጠመች። ሰዎቹ በሙሉ ተረፉ።

ሴራፊም በባዶ እግሩ በር ላይ ሲቆም መጀመሪያ ያለችው "ሸክላዬስ?" ነው። ይህችን ነገር እስኪሞት አልረሳላትም፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን እየሳቀ የሚያወራው ራሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ ብዙ የሚወራለት አይደለም። የቱና መርከቦቹ አንድ በአንድ ተሸጡ፤ ወንድሜ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ልቡ ቆመ። እሷ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን በእንፋሎትና በምድጃ ማጽጃ መርዝ መሃል ቆማ ልጇን ዶሪንን አሳደገች። በጡረታዋ ሳንባዋ ተበላሸ። እንዲህ ያለው ሳንባ አይድንም፤ ሐኪሙ የሚነግርህ በምን ያህል ዝግታ እንደሚያልቅ ነው። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ አልጋዋ ሥር ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም የኦክስጅን ማሽን።

"ኦቲሊያ" አለችኝ አንድ ቀን፣ ጸጉሯን እያበጠርኩላት። "አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያንገበግበኝ። ትንፋሽ በነበረኝ ጊዜ እንዴት እንደነበርኩ አንዴ ብሰማ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ይበቃኛል።"

"ቀና በይ፣ ጸጉርሽ ተጠላልፏል" አልኳት።

እግዜር ሊቀልድ ሲፈልግ ሰው ይልካል። ዌንደል የሚባል ሰው ለዶሪን ደወለ። ሥራው የተረሱ ሸክላዎችን ከሟቾች ጋራዥ እየለቀመ እንደገና ማሳተም ነው። ፔሊካኖቹን አግኝቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ውብ ነገር እንዴት ተረሳ፣ ጃፓን ውስጥ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ፣ በሕይወት ያለ ካለ ላግኝ አለ። ዶሪን ስልኩን እንደያዘች ታለቅስ ነበር። እኔማ "ጃፓኖች ከኛ ጋር ምን ዝምድና አላቸው?" አልኩ። ኢዳሊና ግን ጉንጯ ላይ ቀለም ወጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሥጋ አምጪልኝ አለችኝ።

የከበደው ፊሎሜናን ማምጣት ነበር። ሁለት መንገድ ተሻግራ ነው የምትኖረው፤ የዶሪን ክርስትና እናትም ናት። ስልኩን ድምፁ ከፍ እንዲል አድርጌ ለኢዳሊና ያዝኩላት።

"አበልጄ፣ እግሬን ያመኛል" አለች ፊሎሜና።

"መኪና እንልክልሻለን።"

"ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል? ጫጫታ ነው። ልጆች ነበርን፤ ደኅናም አልነበርንም።"

"አንቺ ዘንድ የነበረው ሸክላ እንኳ ጠፋ ብለሽኝ የለ? አሁን ተገኘ እኮ! አልሰማም ነው የምትይው?"

በመጨረሻ "እሺ፣ እመጣለሁ" አለች፤ ድምፁ መርዶ የሚነገራት ሰው ድምፅ ነበር። ስልኩን ዘግቼ "ቅናት ነው" አልኩ። "ዕድሜ ልኳን መሪ ሆና አሁን ክብሩን ልትካፈል ነውና።"

"ተይ፣ ምላስሽን ሰብስቢ" አለችኝ ኢዳሊና።

የሚመጡበት ቀን ከሰዓት ጣፋጭ ዳቦ ጋግሬ ጠበቅሁ። ኢዳሊና ከንፈሯን ተቀባች፣ የጆሮ ጉትቻዋን አደረገች፤ ቱቦው ጉትቻው ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረን። ፊሎሜና መጥታ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ከጭኗ ሳታወርድ። ዌንደል በመጨረሻ ደረሰ፤ ላብ በላብ የሆነ፣ አበባ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ፣ ሸክላውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ። ዶሪን ሥራ ላይ ነበረች፤ ማታ እንሰማዋለን ተባብለዋል።

"ወይዘሮ ኢዳሊና፣ ይኸው እርስዎ" አላት ሽፋኑን እያሳየ። አራቱ ወደቡ ላይ ቢጫ ሹራብ ለብሰው ይስቃሉ።

"አቤት ጉልበቴ! ኦቲሊያ፣ ጉልበቴን እዪልኝ! ይሄ ጉልበት የት ሄደ?"

"አንገቴ ሥር ፈልጊው፤ የኔም እዚያ ነው የተደበቀው" አልኳት። ዌንደል እንኳ ሳቀ። ፊሎሜና አልሳቀችም።

ማጫወቻውን ሲያዘጋጅ ኢዳሊና ወደ ማሽኑ ጠቆመችኝ። "አጥፊው። ድምፁ ይረብሸኛል።"

"እንዴ፣ ይቻላል?" አለ ዌንደል ደንግጦ።

"የሸክላው አንድ ገጽ እስኪያልቅ ትንፋሼ ይበቃኛል፣ ልጄ። አስጀምር።"

አጠፋሁት። ቤቱ ጭር አለ፤ መርፌው ሲንኮሻኮሽ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ጊታሩ ገባ፣ ከዚያም አራቱ ድምፆች። እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ ነበር። እኔ ሙዚቃ አይገባኝም፤ ግን ሆዴ ባባ። ኢዳሊና ዐይኗን ጨፍና ወደፊት አዘንብላለች፤ ጣቷ ጉልበቷ ላይ ሦስተኛውን ድምፅ እየተከተለ ከፍ ዝቅ ይላል።

"እኔ ነኝ?" አለች በመጀመሪያው ዘፈን መሃል። "ቀጭን ነኝ እንዴ? እንደዚህ ቀጭን አልመስለኝም ነበር።"

"የሰው ድምፅ ሸክላ ላይ ይቀየራል" አለች ፊሎሜና ቶሎ ብላ።

"እውነት ነው፣ ማንም ሰው የራሱን ድምፅ አያውቀውም" አለ ዌንደልም። ኢዳሊና ራሷን ነቀነቀች።

"የእሑድ ጀልባ" ሦስተኛው ነበር። መጨረሻው ላይ ጊታሩም ከበሮውም ይቆሙና አራቱ ድምፆች ብቻቸውን ይቀራሉ። ማድሩጋዳ መጣች። ኢዳሊና ጣቷን አነሳች፤ ያች ደካማ ደረቷ እንኳ በቦታዋ አየር ስትስብ አየሁ። ሸክላው ላይ ያለችው ግን አልተነፈሰችም። ሦስተኛው ድምፅ ቃሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ አድርጎ ወሰደው። እኔ እንኳ ሰማሁት።

"ድገመው" አለች።

ዌንደል መርፌውን መለሰ። አሁንም አልተነፈሰችም።

"ድገመው።"

በሦስተኛው ኢዳሊና ሸክላውን አልነበረም የምታየው፤ ፊሎሜናን ነበር። ፊሎሜና ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ወለል ወለሉን ታያለች። ዌንደል ምን እንደተፈጠረ አልገባውም፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቶበታል።

"አበልጄ" አለች ኢዳሊና። "ይቺ ማን ናት?"

ፊሎሜና የቦርሳዋን መዝጊያ ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ "ቀረጻው ተበላሽቶ ነበር" አለች። "ከእኛ ወገን ነው፣ ከማሽኑ ነው፣ አላውቅም፤ ጩኸት ገብቶበት። ሰውየው ቅዳሜ ደወለ። እንደገና መቅዳት አለብን፣ ቦታው ነፃ የሚሆነው ነገ ብቻ ነው፣ አለዚያ አልበሙ ቀረ አለ። ነገ ደግሞ ጰራቅሊጦስ ነው።"

"ትኩሳት ይዞሽ ነበር።"

"ትኩሳት የለብኝም ነበር። ወንዶቹና እኔ ሎስ አንጀለስ ሄድን። አንቺን ምን እንበልሽ? ንግሥት ነሽ! እናትሽ ያን ካባ ጠልፈው ጠልፈው... ከዘውዱ ሥር እናውጣሽ? ብነግርሽ ትቀሪ ነበር ወይስ ትመጪ ነበር?"

"እንድመርጥ ልትነግሪኝ ይገባ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ሰውየው አንዲት ሴት ጠራ፤ በሰዓት እየከፈሉ ለማዘፈን የሚጠሯት ዓይነት። የኖታውን ወረቀት አይታ በአሥሩም ዘፈን ያንቺን ድምፅ ዘፈነችው። ቁርስ ሳትበላ። ከኛ ጋር መተንፈሻ አልተካፈለችም፣ ደረቷ አያልቅም ነበር። ሰኞ እንነግርሻለን ተባባልን። ሰኞ አንቺ..."

"ሰኞ ከበዓሉ ሾርባ አስቀምጬልሽ ይዤ መጣሁ" አለች ኢዳሊና። "ተኝተሽ ነበር፣ ብርድ ልብስ ተከናንበሽ። ጠጣሽው?"

"ጠጣሁት።"

"ጣፍጦሽ ነበር?"

ፊሎሜና አለቀሰች። በሰባ ዓመቷ እንደ ልጅ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። በኋላ አባትሽ ሞቱ፣ አለች፣ ሐዘን ላይ ላለ ሰው እንዴት ይነገራል፤ በኋላ ሸክላሽ ሰጠመ፣ እንኳን ሰጠመ አልኩ፤ የኔን ራሴ ወደቡ ላይ ሄጄ ወረወርኩት፣ አንድ ቀን እንዳትሰሚው ብዬ። ማንም አልገዛውም፣ ማንም አያስታውሰውም፣ አንቺ ደስ ብሎሽ ታወሪዋለሽ፤ ማንን ጎዳ አልኩ።

በንዴት ተነስቼ ቆምኩ። እኔ የዚህችን ሴት ካባ ጫፍ የያዝኩት ባንቺ ውሸት ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ኢዳሊና እጇን አንስታ አስቀመጠችኝ። ከንፈሯ ከቀለሙ ሥር ሰማያዊ መሆን ጀምሯል፤ ማሽኑን መልሼ አበራሁት።

"ሴትየዋ ስሟ ማን ነበር?" አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስላት።

"አልጠየቅናትም። አረንጓዴ ኮት ለብሳ ነበር። እንደጨረሰች አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየሮጠች ሄደች።"

"ጥሩ ትዘፍናለች" አለች ኢዳሊና። "ከኔ ትበልጣለች።"

አይ፣ አትበልጥም ለማለት ማናችንም አልፈጠንንም። በኋላ "አይ" አልኩ እኔ፤ ግን ጊዜው አልፎ ነበር፤ እሷም ሰምታዋለች ዝምታውን።

ዌንደል ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ፣ አልበሙ ላይ ስለሚጻፈው ነገር፣ ካሻዎት እናስተካክለዋለን፣ እውነቱን እንጽፋለን አለ። ቅን ሰው ነበር፤ ልጥላው ብሞክር አልሆነልኝም።

"በማን ስም ታስተካክለዋለህ? ስም የላትም" አለችው። "ተወው፣ ልጄ። ዶሪን ለሰው ሁሉ ነግራለች። ማታ ትመጣለች፣ እናቴን ልስማ ብላ። እንዳለ ተወው።"

ማታ ዶሪን መጣችና እናቷን ሰማች። "እማ፣ እንዴት ያምራል!" እያለች ጉልበቷ ሥር ተቀምጣ አነባች። ኢዳሊና ጸጉሯን ስትደባብሳት እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ንጹሕ ሰሃን እንደገና አጠብኩ።

አልበሙ ታተመ። በበዓሉ አዳራሽ ሰዎች በዊልቸሯ ዙሪያ እየመጡ "ኢዳሊና ሰማንሽ! ወርቅ ነሽ!" ይሏታል፤ እሷም "አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ" ትላለች። የዚያን ዓመት ንግሥት የሆነችው ልጅ ከነካባዋ አጠገቧ ቆማ ፎቶ ተነሳች። ፊሎሜና በየቀኑ ሾርባ ይዛ ትመጣ ነበር፤ ኢዳሊናም በየቀኑ ትጠጣላት ነበር። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላወሩም። ይቅር ብላት እንደሆነ አልጠየቅሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስተኛውን ድምፅ አላንጎራጎረችም። አንዴ ብቻ፣ ሰሃን እያደረቅሁ፣ እስቲ ያቺን ዘፈን በያት ብዬ ለመንኳት። "የኔ አይደለችም" አለችኝ።

በጥር አረፈች። መጨረሻዋ ላይ አየር ስትስብ የሚያሳዝን ነበር፤ ያን አልተርክም።

ዶሪን በቀብሩ ጸሎት ላይ ያ ሸክላ ካልተሰማ አለች። ቄሱ ፈቀዱ። ሬሳ ሣጥኑ ፊት ለፊት "የእሑድ ጀልባ" ተለቀቀ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ፣ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የመጡት ሴቶች ሳይቀሩ፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። "ስሟት እስቲ፣ እሷ እኮ ናት፣ ድምጿ እኮ ነው!" ትላለች ከኋላዬ ያለች ሴትዮ። ዶሪን እጄን ጨብጣኛለች። ፊሎሜና ከማዶ ወንበር ላይ ቀና ብላ አላየችም። አረንጓዴ ኮት የለበሰች አንዲት የማትታወቅ ሴት፣ አውቶቡስ የምትጠብቅ፣ የወንድሜን ሚስት ዘፍና ቀበረቻት፤ እኔም ዝም አልኩ።

ጊታሩ ቆመ። ማድሩጋዳ ስትመጣ ቃሉ መሃል ላይ፣ የኢዳሊና ቦታ ላይ፣ በአፌ አየር ሳብኩ። ዶሪን ዞር ብላ አየችኝና ልቅሶ መሰላት።